ባለቀለም የእንጨት ጉዝጓዝ፦ ከ8 ወር በኋላ

አፈር ላይ የሚነጠፈውን ይህን ቀለም የተነከረ የእንጨት ስብርባሪ የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው የገዛሁት። 8 ጆንያ ቀይ፣ 2 ጆንያ ጥቁር። ለገጣፎ ያለው ግቢያችን ዋልካ አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው ጽጌረዳዎቼ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ይጠወልጉብኝ ነበር። ጉዝጓዙን የፈለግኩት እርጥበቱን እንዲይዝልኝ ነው።

በዚህ በኩል አላሳፈረኝም። መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ውሃ ካጠጣሁ በ5ኛው ቀን፣ አንዱ ጽጌረዳ አጠገብ በእጄ ገለጥ አደረግኩት። ላዩ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ከስሩ ያለው አፈር ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ስጨብጠው ይያያዛል፣ ስለቀው ይፈረፈራል። አንድ የመሬት ትል እየተሳበ ወደ ውስጥ ገባ። አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ ምንም ያልለበሰው መሬት ተሰነጣጥቋል። ያን ቀን በጣም ደስ አለኝ። በሳምንት ሁለቴ የማጠጣውን ወደ አንዴ ቀነስኩ። አረሙም ጠፋ ማለት ይቻላል። ሰርዶ ብቻ ነው ሰንጥቆ የሚወጣው።

ቀለሙ ግን አሳዝኖኛል። ሳይደርቅ ነው የተሸጠልኝ። ባነጠፍኩ በማግስቱ ዝናብ ጣለና ቀይ ውሃ በበረንዳው ነጭ ሴራሚክ ላይ ወረደ። መጋጠሚያው ላይ ያለው እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ቀለም የተነከረ እንጨት ዝናብ ሳይነካው አንድ ሁለት ቀን በደንብ መድረቅ አለበት። ከዚያ ደግሞ ፀሐዩ አለ። ከ2300 ሜትር በላይ ነን፤ ቀዩ ግንቦት ሳይደርስ ነጣ። ጥቁሩም አመድማ ሆኗል፣ ግን ከአፈሩ ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን አይረብሽም።

ብዙ ሰው ቀለሙ መርዝ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ቀዩ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ የዝገት ዘመድ። እኔን የሚያሳስበኝ እንጨቱ ነው። ከአንዱ ጆንያ ሁለት ምስማርና የቺፕውድ ቁራጭ አገኘሁ። ከፈረሰ ቤት የመጣ እንጨት ኬሚካል የተቀባ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጆንያውን አስከፍታችሁ እዩ።

አንድ ስህተትም ሠርቻለሁ። ጎመን መደቡ ላይ ከአፈሩ ጋር ደባለቅኩት። በ3 ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። እንጨቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ስለሚሻሙ ነው። ላይ ላዩን ሲነጠፍ ይህ ችግር እምብዛም የለም። አበባ መደብ ላይ አራት ጣት ያህል አንጥፉት፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር አርቁት፣ አለዚያ ግንዱን ያበሰብሰዋል።

ሐምሌ ላይ ጎርፍ ተዳፋቱ ላይ ያለውን ጠርጎ ወሰደው። ዳሩን በድንጋይ ከከለልኩ ወዲህ ቆሟል፤ የጎረቤት ዶሮዎችም መጫር ቀንሰዋል።

ቀይ ሁለተኛ አልገዛም። ሰጋቱራ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፤ እሱ ግን ዝናብ ሲመታው ይጋገራል። እኔ ቀለም የሌለው የባህር ዛፍ ስብርባሪ እያፈላለግኩ ነው። የነበረው ከአራት ጣት ወደ ሁለት ወርዷል፤ በጋው ሳይጠና መጨመር አለብኝ።