ቱሉ ዲምቱ ላለችው ፋርማሲስት፦ እግዜር ይስጥሽ እህቴ

ይህን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳትጠሪ ብላ ስለለመነችኝ አልጠራም። የሰፈሩ ሰዎች ግን ታክሲ መያዣው ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ስል ይገባችኋል።

ታናሽ ወንድሜ ብዙ ዓመት ውጭ አገር ኖሮ ሲመለስ የኮኬይን ሱስ ይዞት ነበር የመጣው። እዚህ ከገባ ቢያቆምም አምሮቱ አልለቀቀውም። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፣ ሰው ማየት የለ። እማዬ ፀበል ይዛው ትሄዳለች። እኔ ሌሊት ስልኬ ላይ መፍትሔ ስፈልግ አነጋለሁ። በመጨረሻ አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ በሰው እጅ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ላከልን። ፕላስተር ይመስላል። ስሙ ሴሌጂሊን ይላል። "ለኮኬይን የተሞከረ ነው" አለን። ደስታዬን አልነግራችሁም።

ያን ዕለት ማታ ፋርማሲ የገባሁት አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ ነው፤ ክንዱ ላይ ልለጥፍለት ወይስ ጀርባው ላይ? ልጅቷ ካርቶኑን አገላብጣ አየችና "ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ?" አለችኝ።

"ኧረ የለም። ለወገቡ ትራማዶል ብቻ።"

ፊቷ ተለወጠ። "እህቴ፣ በፍጹም እንዳትለጥፊለት!"

ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሰውነት ሙቀት ከልክ በላይ ሊወጣ፣ ሊያንዘፈዝፍ፣ ሊገድልም ይችላል አለችኝ። አንዳንድ የሳል ሽሮፖችና የድብርት መድኃኒቶችም ከልጥፉ ጋር አይሄዱም። እኔ እኮ በዚያው ምሽት ልለጥፍለት ነበር። አሁን ስጽፈው እንኳ ልቤ ይመታል።

ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ። ኮኬይን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያጥለቀልቀዋል። ሰውየው ሲያቆም ያ ይጎድልበታል፤ ደስታ የሚባል ነገር ይጠፋበታል። ወንድሜን እያየች የምትናገር ነው የመሰለኝ። ሴሌጂሊን ደግሞ ዶፓሚንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግዳል። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ተመራማሪዎቹም ጉድለቱን ይሞላ ይሆናል ብለው አሰቡ። በቆዳ በኩል ሲሰጥ መጀመሪያ በጉበት ስለማያልፍ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ደም ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ በ300 ሰዎች ላይ ለ8 ሳምንት ተሞከረ። ለአንዳንዱ እውነተኛው፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ልጥፍ ተሰጠ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ልጥፉ በዚያው ዓመት እዚያ አገር የተፈቀደው ለድብርት ነው።

"ዘመዳችሁ አልዋሸም፣ ተሞክሯል" አለችኝ። "ግን አልሠራም።"

አለቀስኩ። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ይቅርታ ጠይቃቸው ከእኔ ጋር ቆየች። ለኮኬይን ሱስ የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን እንደሌለ፣ የተሻለ ውጤት የታየው በምክክር ሕክምና እንደሆነ ነገረችኝ። ሽንቱ ተመርምሮ ነጻ በሆነ ቁጥር ትንሽ ሽልማት የሚሰጥበት ዘዴም አለ አለችኝ። አማኑኤል ሆስፒታል እንድወስደው፣ ስለ ትራማዶሉም ለሐኪሙ እንድነግር በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ትራማዶል ራሱ ሱስ ያስይዛል ለካ። ያን ማታ አንድ ክኒን እንኳ አልሸጠችልኝም፤ አምስት ሳንቲም አልተቀበለችኝም። በማግስቱ ደውላ እንዴት እንዳደረ ጠየቀችኝ።

እማዬ ድፎ ዳቦ ይዛላት ሄደች። "ልጄ፣ ፀበሉን ላቋርጥ እንዴ?" ብትላት "እማማ፣ ፀበሉንም አይተዉ፣ ሐኪሙንም አይተዉ" አለቻት። ለእናቴ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረም።

ወንድሜ አሁን በየሳምንቱ ምክክር ይሄዳል። ክፉ ቀንም አለበት። ትናንት ግን ራሱ ሽሮ ጠይቆ በላ።

እሷን ማግኘት የምትፈልጉ ከ11 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ የምትገባው ማታ ማታ ነው። ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የወገቡንም፣ የሳሉንም።