በባሕር ዳር ቆይታዬ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች፤ ከሁሉ በፊት የጣና ዳሩ የማለዳ ስፖርት

ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ የሚያስቡ ወዳጆቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ማረፊያና ስለ ጀልባ ዋጋ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመሰክረው በሐይቁ ዳር በማለዳ ለሚሰበሰበው የስፖርት ቡድን ነው። ስቶክሆልም ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስሠራ ዓመታት አለፉ። ክብደቴ ጨመረ፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ጀመርኩ። እዚያ ጂም ተመዝግቤ ነበር። ማሽኑ ሞልቷል፤ ብቀርም ብመጣም የት ነበርሽ የሚለኝ ሰው ግን አልነበረም።

የባሕር ዳሩ ቡድን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ባጃጅ አሽከርካሪው፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ገና አራስነቷን የጨረሰች ወጣት እናት ሁሉም ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሰውነት ማሟሟቅ፣ ሶምሶማ፣ ከዚያ የሆድና የጉልበት ሥራ፣ መጨረሻ ላይ ማፍታታት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። በየማለዳው ለአንድ ሰዓት ያህል የሚሠራ የዚህ ቡድን አባል ይህን ሳይቆጥር ያሟላዋል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምትገኘው። ስቶክሆልም ደግሞ ከባሕሩ እኩል ናት ማለት ይቻላል። ከዚያ የመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው አይደንቅም፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ያንሳል። ሰውነት ይህን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። አሰልጣኙ ይህን ያውቃል። ከወጣቶቹ ጋር ልሮጥ ስነሣ «እትዬ፣ ለጊዜው እርስዎ ከጋሼ ጋር ይሁኑ» ብሎ ከጡረተኛው መምህር ጎን አሰለፈኝ።

የልፋቱን መጠን የሚለካበት መንገድ እስካሁን ካየሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። አጠገብ እየሮጠ ሰላምታ ይጀምራል። «እንዴት አደሩ? እናትዎ ደኅና ናቸው? ልጆችስ? እህትዎን ተሻላት?» የሚጠየቀው ሰው በሙሉ ዐረፍተ ነገር ከመለሰ ይቀጥላል። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መሐል ላይ ከተቆረጠ «በእግር ይሁን» ይላል፤ ሁለቱም መራመድ ይጀምራሉ። እየሠሩ መናገር መቻል የመካከለኛ እንቅስቃሴ ምልክት መሆኑን የጤና ባለሙያዎችም ያስተምራሉ። እዚህ ግን ሰው ስለ ቤተሰቡ እየተጠየቀ ስለሚለካ፣ ደከመህ ተብሎ ከሰው ፊት የሚዋረድ የለም። መምህሩም «አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ፤ ሐይቁ የትም አይሄድም» ይሉኝ ነበር። እኔን በዚህ ዕድሜ «አንቺ ልጅ» የሚለኝ ሰው መገኘቱ ብቻውን አልጋ ያስለቅቀኝ ነበር።

የቡድኑ ጸሐፊ የምትይዘው ደብተር አለ። የቀረ ሰው ስሙ ላይ ምልክት ይደረግና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ይደወልለታል። ደጋግሞ ከቀረ ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ቤቱ ይሄዳሉ። አሠራሩ ልክ እንደ ዕድር ነው፤ ልዩነቱ ሰው በሕይወትና በጤና እያለ መደረጉ ነው። ለእኔ የጤና ለውጥ ያመጣው ይህ ይመስለኛል። የስፖርቱን ዓይነት በስልክ ላይ አይቼ ብቻዬን ልሠራው እችል ነበር፤ ዓመታት አልሠራሁትም።

በጾም ወቅት የሚያደርጉትም ሊነገር ይገባል። ከአባላቱ ብዙዎቹ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ ስለሚጾሙ፣ አሰልጣኙ ሶምሶማውን አሳጥሮ ማፍታታቱን ያረዝማል። የሚጾመውም የማይጾመውም አብሮ ያንኑ ይሠራል። ሌላው ጥንቃቄ ከጉማሬ ነው። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ከውኃ ስለሚወጣ፣ ጎሕ ሳይቀድ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት አካባቢ አይሮጡም። ቅዳሜ ብርሃን በደንብ ሲወጣ የፈለገ ሰው በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ አድርጎ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በእግር ይወጣል። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ ከላዩ ሆኖ ወንዙን ማየት ዳገቱን ያስረሳል።

ከመጀመሬ በፊት ምርመራ ለማድረግ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ነበር፤ በዚያ አልተደሰትኩም። ደረጃ ወጥቼ ገና እያለከለክሁ፣ በሹራቤ ላይ ጠምጥመው ግፊቴን ለኩኝ፤ ቁጥሩ በጣም ከፍ አለ፣ መድኃኒት ሊጨምሩልኝም ነበር። ግፊት የሚለካው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ዐርፎ፣ ጀርባን ደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ፣ በባዶ ክንድ ላይ ነው። ይህን በትሕትና ተናግሬ ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ነርሷ አስቀምጣ፣ ሳታናግረኝ ጠብቃ፣ ሁለት ጊዜ ለካችኝ። ውጤቱ ከፍ ያለ ቢሆንም መድኃኒት የሚያስጨምር አልነበረም። ለምርመራ የምትሄዱ ሁሉ አረፍ ልበል ለማለት አትፈሩ።

ማረፊያዬ ጥሩ ነበር። ዘበኛው በማለዳ በሩን ያለ ማጉረምረም ይከፍትልኝ ነበር፤ አባባን በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። ባጃጅ ገና ሳይነጋ ውድ ነው፤ አንድ ደንበኛ መያዝ ይሻላል። ጭማቂ ቤቶቹ ስፕሪሱን በደንብ ይሠራሉ፤ ስኳር አትጨምሩበት ማለት ግን የእናንተ ፈንታ ነው፤ ካልተናገራችሁ ይጨምራሉ። ቀረሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ ደግሞ በዘይት ከሚጠበሰው ይልቅ በከሰል የተጠበሰውን እዘዙ።

ቡድኑ ቢያሻሽል የምለው አለ። ማፍታታቱ ሥራ የሚቸኩል ሲበዛ ይዘለላል፤ ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች የሚጎዱት በዚህ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን የላቸውም። ሴቶች ልብስ የሚቀይሩበት ስፍራ ስለሌለ ከቤታቸው ለብሰው ይመጣሉ፤ ከሩቅ ሰፈር ለሚመጡት ይህ ከባድ ነው።

ግፊቴ ከ140 በላይ ይቆይ የነበረው በቆይታዬ መጨረሻ ወደ 130ዎቹ ወረደ። ሌሊት መተኛቴና ከሥራ ጭንቀት መራቄም አስተዋጽኦ ሳይኖራቸው አይቀርም፤ መድኃኒቴንም አላቋረጥኩም። ጉልበቴ ግን ያለ ጥርጥር በርትቷል።

ለመግባት የሚሞላ ቅጽ የለም። ወርኃዊ መዋጮው ስቶክሆልም ለአንድ ቀን ጂም ከሚከፈለው ያንሳል፤ በቴሌብር ይከፈላል። የምትወስዱትን መድኃኒትና የታመመ ቦታ ካላችሁ በመጀመሪያው ቀን ለአሰልጣኙ ንገሩት። ሰኞ ሰኞ ከሥራው በፊት አንዲት ነርስ አባል ፈቃደኛውን ሁሉ አስቀምጣ ግፊት ትለካለች፤ ያላቸው መሣሪያ አንድ ብቻ ስለሆነ ሰልፉ ይረዝማል። ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ አንድ የክንድ ግፊት መለኪያ ጨምሩላቸው፤ የሚሠራበትን ባትሪም አትርሱ።