የራስ ተፈሪን ቤት ላስጎበኘችን ልጅ

ሐረር ለምትሄዱ ሁሉ ጥቆማ አለኝ፤ ምስጋናው ግን ይቅደም።

ባለፈው ወር እናቴንና ታናሽ እህቴን ይዤ ጀጎል ገባሁ። ከፈረስ መጋላ ተነሥተን፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና በሚንጫጫበት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ወርደን፣ «የራስ ተፈሪ ቤት የት ነው?» ብለን ጠይቀን ደረስን። ቤቱን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ተፈሪ መኮንን በ1902 ዓ.ም. ሐረርን እንዲገዙ በተሾሙ ጊዜ ገና ደጃዝማች ነበሩ፤ ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት እዚሁ እንደሆነ ይነገራል።

እናቴ ቤቱን የምታውቀው በሌላ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር፤ አንድ የባህል ሐኪምም ሕሙማንን ይቀበሉበት ነበር። እህቴ በስድስት ዓመቷ ታማ፣ እናቴ አዝላ ያመጣቻት እዚህ ነው። ይህን ቀስ ብላ ስትናገር አስጎብኚያችን ሰማቻት። ገለጻዋን አቆመች፤ ወንበር አመጣችላት፤ «እማማ፣ ሕሙማኑ ወረፋ የሚጠብቁት የት ነበር?» አለቻት። እናቴ በእጇ አሳየች። ልጅቱም ሌሎቹን ጎብኚዎች ጠርታ፣ የቀረውን እናቴ ራሷ እንድትነግራቸው ለመነቻት። እናቴን በሰው ፊት እንዲህ ስታወራ አይቼ አላውቅም።

ቤቱ ታድሶ ሙዚየም ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በየቤቱ ዞረው ለዓመታት ያሰባሰቡትን ቅርስ ተረከበ። የሐረር አሚሮች ያስመቱት ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ የድሮ ዘፈን ቅጂ፣ ከሁሉም በላይ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት አሉበት። ሐረር በመጽሐፍ ጥረዛ የታወቀች ከተማ ነበረች፤ በ1847 ዓ.ም. የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን እንኳ የጥረዛዋን ጥንካሬ አድንቆ ጽፏል። አቶ አብዱላሂ ይህን እጅ ሥራ ተምረው የተበጣጠሱ የመጽሐፍ ቅጠሎችን መጠገን፣ መጠረዝና ቆዳ ማልበስ መያዛቸው ለእኔ ከቤቱ እድሳት የሚያንስ አይደለም። ጣሪያ ገንዘብ ከተገኘ ይጠገናል፤ መጽሐፍ የሚጠርዝ እጅ ግን ከጠፋ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ሂዱ። ቅርሱን በመስታወት ውስጥ ብቻ አይታችሁ አትውጡ፤ አስጎብኚ ያዙ፤ ጊዜም ስጧት። በዕድሜ የገፋ ዘመድ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ በደረጃው ላይ ክንዱን ያዙለት። ልጄ፣ ስምሽን ሳልጠይቅሽ በመሄዴ አዝናለሁ። እናቴ ቤት ከገባን ጀምሮ «ያቺ ልጅ» እያለች ታነሣሻለች፤ ለመጪው ዓመት እንደገና ውሰደኝ ብላኛለች።