ስኳር ሲበዛ፦ ፕሮቲን ያነሰው ገበታና ፕሮቲን ያለው ገበታ

ሁለት ሰዎች በቀን ሁለት ሁለት ባለ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ይጠጣሉ እንበል፤ ወደ 70 ግራም ስኳር። አንዱ ቀኑን በሻይና በዳቦ ይገፋዋል። ሌላው ቁርሱ 2 እንቁላል (12 ግራም ያህል ፕሮቲን)፣ ምሳው ወፈር ያለ የምስር ወጥ ነው።

የስኳሩ ግማሽ ያህሉ ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ነው። አብዛኛውን የሚያስተናግደው ጉበት ስለሆነ፣ ሲትረፈረፍበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ስቡን ከጉበት ወደ ደም ለማውጣት ደግሞ ከፕሮቲን የሚሠራ ተሸካሚ ያስፈልጋል። ክዋሺዮርኮር (ሰውነትን የሚያሳብጥ ከባድ የምግብ እጥረት በሽታ) የያዛቸው ሕፃናት ጉበታቸው የሚሰባበት አንዱ ምክንያት የዚህ ተሸካሚ እጥረት እንደሆነ ይታመናል።

የሁለተኛው ሰው ጥቅም በዋናነት ጡንቻው ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 25 ሰዎች ለ8 ሳምንት ከልክ በላይ እንዲበሉ ተደርጓል (ትርፉ ስኳር ብቻ አልነበረም)። ከካሎሪያቸው 5 በመቶው ብቻ ፕሮቲን የነበረ ሰዎች ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው (ጡንቻን ጨምሮ) 0.7 ኪሎ ቀነሰ፤ 15 እና 25 በመቶ ያገኙት 3 ኪሎ ገደማ ጨመሩ። የስብ ጭማሪው ግን ተቀራራቢ ነበር!

ስለዚህ እኛ ሁለተኛውን ገበታ እንመርጣለን፤ እንቁላሉ ግን በዳቦው ላይ ተጨማሪ ሆኖ ሳይሆን በዳቦው ፈንታ ይግባ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።