ለወጨጫ መንገድ መሪዎች፦ ገለቶማ!

የመናገሻ ሱባን ደን አሳልፈው ሰው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለው የወጨጫ ተራራ ጫፍ የሚያወጡትን የአካባቢው መንገድ መሪዎች ከልብ እናመሰግናለን። ወጨጫን ለመውጣት ያሰበ ሁሉ ከእነሱ አንዱን ይዞ ይውጣ።

ጫፉ ወደ 3,390 ሜትር ገደማ ነው። ከመስቀል አደባባይ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ብርዱም በዚያው ልክ ይጨምራል፣ 6 ወይም 7 ዲግሪ። የመሪዎቹ ሙያ ገና ሲነሱ በአረማመዳቸው ይታወቃል። ጥዱና ዝግባው ውስጥ ጥላው ስለሚያታልል ብዙ ሰው ይፈጥናል፤ ላይ ኮሶው ጋ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። እነሱ እያወሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት ነው የሚያስኬዱት፤ ወሬው ሲቆራረጥ ያሳርፋሉ። ከዱባይ ወይም ከጅዳ በዚያው ሳምንት የገባ እንግዳ ካላችሁ ከፍታውን ገና አልለመደምና ቀድማችሁ ንገሯቸው። ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው መውረድ እንጂ መጽናት አያዋጣም።

ትልቁ ውለታቸው ግን ከደኑ በላይ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። የከብትና የእንጨት ለቃሚ ዱካ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ ሸንተረሩ ሁሉ አንድ ይመስላል። በተሳሳተው ዱካ የወረደ ሰው መኪናው በሰበታ በኩል ቆሞ እሱ ሆለታ በኩል ብቅ ይላል። ጉም ከወፈረ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ ጫፉ ቢቀርብም ይመልሷችኋል። እባካችሁ አትከራከሯቸው፤ ላይኛው ገላጣ ነው፣ ከመብረቅ መጠለያ የለውም።

ቁልቁለቱ ላይ የጫማ ክር አጥብቁ ሲሏችሁ ስሙ። እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጫማውን ሲመታ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል። ሳማ ስላለ ረጅም ሱሪ ልበሱ። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ፣ በሶና ቆሎ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው አያስኬድም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ምርጥ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሻው ላይ ከተገኛችሁ ጉሬዛውንና የምኒልክ ድኩላን የማየት ዕድላችሁም ሰፊ ነው፤ የመሪዎቹ ዓይን ከእናንተ ቀድሞ ያገኛቸዋል።

የመግቢያው ክፍያ የመሪውን ይጨምር እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ፤ ካልጨመረ ሳትነሱ ተስማሙ። ውሃና ምሳ ስትይዙም የእሱን ድርሻ አስቡ።