አብሶሉት ባትማን ወይስ አብሶሉት ዎንደር ውማን?

ገንዘባችሁ ከሁለቱ ኮሚኮች (በሥዕል ከሚነገሩ ታሪኮች) ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዎንደር ውማንን ግዙ። ይህን የምለው ባትማንን ንቄ አይደለም፤ እሱንም እያንዳንዱ ዕትም በወጣ ቁጥር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

የአሜሪካው ኮሚክ አሳታሚ ዲሲ፣ የታወቁ ጀግኖቹን እንደ አዲስ በሚተርክበት «አብሶሉት» በተሰኘው መስመር ሁለቱን ኮሚኮች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት አወጣቸው። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፦ ጀግናው የሚታወቅበትን ነገር ቢያጣ ምን ይቀረዋል?

ባትማን ሀብቱን አጥቷል። ከጭምብሉ ጀርባ ያለው ብሩስ ዌይን እዚህ የ24 ዓመት የከተማ መሐንዲስ ነው። አባቱ ባለጸጋ ሐኪም ሳይሆኑ መምህር ነበሩ፤ አልፍሬድም አሳዳጊው ሳይሆን የእንግሊዝ ሰላይ ነው። እናቱ ግን በሕይወት አሉ፤ ደራሲው ስኮት ስናይደር ካደረጋቸው ለውጦች ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። ሌሊት ወጥቶ ባይመለስ የምታለቅስለት እናት አለችው። በተለመደው የባትማን ታሪክ ጠላቶቹ የሆኑት ኦስዋልድና ሃርቪም እዚህ አብሮ አደጎቹ ናቸው። ሠዓሊው ኒክ ድራጎታ ሰውየውን እንደ ግድግዳ አግዝፎ ስሎታል፤ ደረቱ ላይ ያለው የሌሊት ወፍ ምልክት ተነቅሎ የመጥረቢያ ራስ ይሆናል። ድብድብ የሚወድ አንባቢ ይጠግባል። እኔ ግን ሦስት ዕትም በተከታታይ ሳነብ ጩኸቱ ይደክመኛል፤ በአራተኛው ዕትም ሠዓሊው ሲቀየርም የታሪኩ ግለት በረድ ይላል።

ዎንደር ውማን ያጣችው ከዚህ ይብሳል። ዲያና (የዎንደር ውማን ስሟ ነው) ያደገችው በእናቷና በእህቶቿ መካከል ሳይሆን በሲኦል፣ ጠንቋይዋ ሰርሲ እጅ ላይ ነው። የወገኖቿን፣ የጦረኛ ሴቶቹን፣ ስም እንኳ እንዳትሰማ አማልክቱ «አማዞን» የሚለውን ቃል ከአንደበት ነጥቀዋል። እንዲህ ያደገች ልጅ ጨካኝ ብትሆን ማን ይፈርድባታል? ደራሲዋ ኬሊ ቶምሰን ግን ደግ አድርጋ አሳደገቻት፤ ደግነቷም ዋጋ ያስከፍላታል። ስቲቭ ትሬቨር የተባለውን ወታደር ከሲኦል ለማውጣት የገዛ ክንዷን ትሰጣለች። ያን ገጽ ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

ሥዕሉስ? ሃይደን ሸርማን ገጹን በእኩል ሳጥኖች አይከፋፍልም፤ የሳጥኖቹ ቅርጽ ራሱ ታሪክ ይነግራል። ዲያና ቁመቷን የሚያህል ሰይፍ ይዛ፣ አጥንት ብቻ በሆነ ባለ ክንፍ ፈረስ ላይ ከሰማይ ስትወርድ ዓይን ከገጹ አይነቀልም። የጆርዲ ቤላየር ቀይና ጥቁር ቀለምም እንደ ፍም ያበራል። ዎንደር ውማን እ.ኤ.አ. በ2025 ለኮሚኮች የሚሰጠውን የአይስነር ሽልማት በምርጥ አዲስ ተከታታይ ዘርፍ መውሰዱ አላስገረመኝም።

አንዱ ዕትም ሲወጣ ዋጋው 4.99 ዶላር ስለሆነ ሲጠራቀም ኪስ ይጎዳል። ባትማንን በየወሩ መከታተል ያስደስታል፤ የየዕትሙ መጨረሻ ልብ አንጠልጥሎ ይተዋልና። ዎንደር ውማንን ግን በአንድ ቅጽ የተሰበሰበውን ግዙ፤ የመጀመሪያው ቅጽ ርዕስ «ዘ ላስት አማዞን» ነው። የምታነቡት በስልክ ብቻ ከሆነ ምርጫዬ ይገለበጣል፤ በሁለት ገጽ የተዘረጉት የሸርማን ሥዕሎች በትንሽ ስክሪን ላይ ተቆራርጠው ውበታቸውን ያጣሉ፤ ባትማን ይሻላል። ሁለቱንም ለመጀመር የቀደሙትን ታሪኮች ማወቅ አያስፈልግም። ለልጅ የምትገዙ ከሆነ ግን ባትማንን ተዉት፤ በመጀመሪያው ዕትም ብቻ ብዙ ደም ይፈሳል።