ስክሪንሾት ከሊኑክስ ወደ ወረቀት፦ ፍሌምሾት፣ ስፔክታክል እና የግኖም መሣሪያ ሲመዘኑ

ሊኑክስ ላይ ስክሪንሾት ማንሳት አሁን ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ወረቀት ላይ ሲወጣ ነው፤ ወይ ጠርዙ ይቆረጣል፣ ወይ ፊደሉ አይነበብም። ለመመሪያ፣ ለሥልጠና ወይም ለማስረጃ ገጽ አትሞ ፋይል ውስጥ የሚያያይዝ ሰው መሣሪያውን መመዘን ያለበት ወረቀቱን አይቶ ስለሆነ፣ እኛም ሦስቱን የመዘንናቸው በዚያው ነው።

የግኖም (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ) መሣሪያ ኡቡንቱ 22.04 ላይ አብሮ ይመጣል፤ ምንም መጫን አያስፈልግም። አሁን ያለውን መልክ የያዘው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በወጣው ግኖም 42 ነው። ፕሪንት ስክሪን ብቻውን ሲነካ ቦታ የሚመረጥበት ገጽ ይከፈታል። ከሺፍት ጋር ሙሉውን ስክሪን፣ ከአልት ጋር ደግሞ ፊት ያለውን መስኮት ብቻ ያነሳል። ምስሉ ፒክቸርስ ሥር ባለው ስክሪንሾትስ ፎልደር በፒኤንጂ ይቀመጣል፤ እግረ መንገዱንም ኮፒ ይሆናል። ፈጣን ነው፣ አያስቸግርም። ግን ቀስት ማስገባት፣ ቁጥር መለጠፍ ወይም የሰው ስልክ ቁጥር መሸፈን አይችልም። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ የማንሳት ምርጫም ግኖም 42 ላይ የለውም።

መመሪያ ለሚያዘጋጅ ሰው የምንመክረው ፍሌምሾትን ነው። ነፃ ነው፣ ከኡቡንቱ የሶፍትዌር ማከማቻ ይጫናል። ቦታውን ከመረጡ በኋላ እዚያው ምስሉ ላይ ይሠራሉ፦ ኤ ቀስት፣ ቲ ጽሑፍ፣ ኤስ ባዶ አራት ማዕዘን፣ አር የተሞላ አራት ማዕዘን። የመስመሩን ውፍረት በማውሱ ጎማ ያስተካክላሉ። ከሁሉም የወደድነው በተጫኑ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እያለ ክብ ቁጥር የሚያስቀምጠውን ነው፤ "መጀመሪያ እዚህ፣ ቀጥሎ እዚህ ይጫኑ" ለማለት ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። ምስጢር ለመሸፈን ግን በማደብዘዣው አትመኑ። በስሱ የደበዘዘ ቁጥር ተመልሶ ሊነበብ ይችላል፤ በአር የተሞላ ጥቁር ሳጥን ጣሉበት።

ፍሌምሾት የሚያስቸግረው ዌይላንድ ላይ ነው፤ ዌይላንድ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው አዲሱ የሊኑክስ ሥርዓት ነው፣ የቀድሞው ዞርግ ይባላል። ዌይላንድ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት በቀጥታ እንዲያይ አይፈቅድም፤ ፍሌምሾትም ምስሉን የሚያገኘው ሥርዓቱን በፈቃድ ጠይቆ ነው። በተለይ የስክሪኑ ማጉሊያ (ስኬል) 125 በመቶ ሲሆን ወይም ሁለት ሞኒተር ሲገጠም ምስሉ ሊዛነፍ ይችላል። ኡቡንቱ 22.04 እና 24.04 ላይ የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ገጽ ታች ካለችው የጥርሳም ጎማ (ጊር) ምልክት "ኡቡንቱ ኦን ዞርግ" የሚለውን መርጦ መግባት ይፈታዋል። ሌላም አለ፦ የፕሪንት ስክሪን ቁልፍ በግኖም የተያዘ ስለሆነ መጀመሪያ ከኪቦርድ ሴቲንግ ማስለቀቅ፣ ከዚያ ለፍሌምሾት አዲስ አቋራጭ መፍጠር ያስፈልጋል። የተከፈተ ሜኑ ማንሳት ስትፈልጉ በዞርግ ቁልፉ አይሰማም፤ ሜኑው ኪቦርዱን ይዞታልና። ስለዚህ በመዘግየት አንሱ። ከተርሚናል ስታዝዙት መዘግየቱ የሚቆጠረው በሚሊሰከንድ ነው፤ 5 ሰከንድ ለማለት 5000 ይጻፋል፣ 5 ብቻ ከጻፋችሁ ወዲያው ያነሳል።

ስፔክታክል የኬዲኢ ፕላዝማ (እንደ ግኖም ያለ ሌላ የሊኑክስ ዴስክቶፕ) መሣሪያ ነው። በሰከንድ ይዘገያል፣ ቀስትና ጽሑፍ ያስገባል፣ ፍሌምሾት የሌለው የማተሚያ ትዕዛዝም አለው። ኬዲኢ ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ፤ ግኖም ላይ ግን አይመከርም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በኢንች 96 ፒክስል ታስቦ ከታተመ ወርዱ 50.8 ሴንቲሜትር ነው፤ ኤ4 ላይ ግማሹ ይቆረጣል። ወረቀቱን አግድም አድርጋችሁ በኢንች 180 ፒክስል ብታደርጉት 27.1 ሴንቲሜትር ይሆንና በየጎኑ 1.3 ሴንቲሜትር ትቶ ይገባል። የግኖም ምስል ማሳያ ፕሮግራም ሲያትም "ኢሜጅ ሴቲንግስ" በሚለው ትር ወርዱን በቀጥታ መጻፍ ይቻላል።

ይህ መጠን ግን ዋጋ አለው፦ ስክሪን ላይ 11 ፖይንት የነበረ ፊደል ወረቀት ላይ ወደ 6 ይወርዳል። የእንግሊዝኛ ፊደል በ6 እንደምንም ይነበባል። የእኛ ግን ሰ እና ሱ፣ በ እና ቡ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ እሷ ከጠፋች ስሙም ይቀየራል። መፍትሔው ምስሉን በኋላ መለጠጥ አይደለም። ከማንሳታችሁ በፊት ብራውዘሩን ወደ 150 በመቶ አሳድጉት፤ ያኔ ፊደሉ ወደ 9 ፖይንት ይመጣል። ጥቁር ገጽ ከሆነም ወደ ነጭ ቀይሩት፣ ያለዚያ ቶነሩን ይጨርሰዋል።

ምስሉን ወደ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ። ፎቶ ተጨምቆ ጄፔግ ይሆናል፣ የፊደሉም ዙሪያ ይበላሻል። ሊብሬኦፊስ ፒዲኤፍ ሲያወጣም ምስሎቹን በነባሪው በ90 በመቶ ጥራት ጄፔግ ያደርጋቸዋል፤ "ሎስለስ" (ጥራት የማይቀንስ) የሚለውን ምረጡ።

ፕሪንተሩ ወረቀት እያለው መብራቱን እያበራ ወረቀት ከጠየቀ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሲስተሙ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ተጭኖ ነባሪው ወረቀት "ሌተር" ሆኖ መቅረቱ ነው። ሌተር ከኤ4 በ6 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ በ18 ያጥራል። በብራውዘር ሎካልሆስት ፖርት 631 (localhost:631) ላይ ያለውን የካፕስ፣ ማለትም የሊኑክስ የማተሚያ ሥርዓት፣ ገጽ ከፍታችሁ የፕሪንተሩን ነባሪ ወረቀት ኤ4 አድርጉት። እዚያው ገጽ ላይ ፕሪንተሩ "ፖዝድ" ይል እንደሆነም እዩ፤ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ እንዲህ ሊቆም ይችላል። ያኔ "ሪዙም" ከማለታችሁ በፊት የተደራረቡትን ሥራዎች ሰርዙ፤ ካልሰረዛችሁ አስር ጊዜ የላካችሁት ገጽ አስሩም ይወጣል።